አጽጂ ሽሪምፕ በወሎ ቤት፦ አመጋገቡና የጨው ውሃው አያያዝ

አጽጂ ሽሪምፕ የሚባለው በጀርባው ላይ ሁለት ቀይ መስመር፣ በመሃላቸው አንድ ነጭ መስመር ያለው፣ ጎኑ ቢጫ፣ ጢሞቹ ረጃጅምና ነጫጭ የሆኑ ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሊስማታ አምቦይነንሲስ ነው፤ ሲያድግ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በህንድ ውቅያኖስና በፓሲፊክ ኮራሎች (ድንጋይ መስለው ባሕር ውስጥ የሚያድጉ እንስሳት) መካከል ይኖራል፤ ቀይ ባሕር ውስጥም ይገኛል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው የድሮ መንገድ የሚያበቃው ይህ ፍጥረት ከሚኖርበት ባሕር ዳር ነው። ነገር ግን አሰብ ከባሕር ጠለል ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። ሽሪምፑን ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ላይ ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) ለማኖር የሚያስቸግረው ርቀቱ ሳይሆን ይኸው ከፍታ ነው።

ድንጋይ ላይ ቆሞ ጢሞቹን እያወዛወዘ ዓሦችን ይጠራል። ዓሣው ሲቀርብ ከቆዳው፣ ከስንጥቡ፣ አልፎ አልፎም ከአፉ ውስጥ የሞተ ቆዳና ጥገኛ ተውሳክ ይለቅማል። ይህን ሥራውን ያዩ ሰዎች ሁለት የተሳሳተ ነገር ያምናሉ። አንደኛው ዓሣ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣውን በሽታ ይፈውሳል የሚለው ነው። አይፈውስም። የበሽታው ተውሳክ ከዓሣው ቆዳ ሥር ተቀብሮ ስለሚኖር የሽሪምፑ መቆንጠጫ አይደርስበትም። ሁለተኛው ደግሞ ከገንዳው ቆሻሻ ለቅሞ ስለሚያድር መመገብ አያስፈልገውም የሚለው ነው። ትራፊ መልቀሙ እውነት ነው፤ ንጹሕ በሆነና ዓሣ ባነሰበት ገንዳ ውስጥ ግን ትራፊው አይበቃውም፣ እየመነመነ ይሄዳል።

እንዲያም ሆኖ ሽሪምፕ በረሃብ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። የሚሞተው በድንገተኛ ለውጥ ነው፦ የጨው መጠን ሲዘል፣ ሙቀት ሲወርድ፣ ኦክስጅን ሲያንስ፣ ውሃው ውስጥ የብረት መርዝ ሲገባ፣ ወይም ከመጠን ያለፈ ምግብ በስብሶ ውሃውን ሲያበላሸው። ስለዚህ አመጋገቡንና የውሃውን አያያዝ ለያይቶ ማየት አይቻልም። ከዚህ በታች የምንሰጣቸው መጠኖች 100 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ ያነሰ አንመክርም፣ ምክንያቱም ውሃው ባነሰ ቁጥር ለውጡ ይፈጥናል።

ምግቡ

አንድ ያደገ ሽሪምፕ በአንድ ጊዜ የሚበቃው የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ናት። ዓሦች በየቀኑ በሚመገቡበት ገንዳ ውስጥ ካለ፣ ለእሱ ተብሎ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ መስጠት ይበቃል። ዓሣ የሌለበት ገንዳ ከሆነ በየሁለት ቀኑ ስጡት። ከዚህ በላይ የሚሰጠው ሁሉ የሽሪምፑ ሳይሆን የባክቴሪያና የአልጌ ቀለብ ይሆናል። እጃችሁን ስታስገቡ እየሮጠ መጥቶ ጣታችሁን መነካካቱ የረሃብ ምልክት አይደለም፤ ጠግቦም ያደርገዋል። በዚህ ተታልለው ደጋግመው የሚመግቡ ብዙ ናቸው።

ሥጋ በል ስለሆነ ምግቡ በዋናነት ከባሕር እንስሳ መሆን አለበት። ማይሲስ የተባለው ደቃቅ ሽሪምፕ፣ ክሪል የተባለው ሌላ ሽሪምፕ መሳይ፣ የቀንድ አውጣ ዘመድ የሆኑት የባሕር ዛጎሎች ሥጋ፣ እንዲሁም ለባሕር ዓሣ የተዘጋጀ ወደ ታች የሚሰጥም እንክብል ይስማሙታል። ማይሲስ ከሆነ 3 ወይም 4 ፍሬ፣ እንክብል ከሆነ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን 1 ወይም 2 ፍሬ ለአንድ ጊዜ ይበቃል። አዲስ አበባ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የሚሸጡት የቀዘቀዘ የባሕር ሽሪምፕም ያገለግላል፤ ግን ጥሬ፣ ጨውና ቅመም ያልነካው መሆን አለበት። ሮዝ መልክ ካለው ተቀቅሏል ማለት ስለሆነ ተዉት።

በትንንሽ ኩብ የሚሸጠውን የቀዘቀዘ ምግብ ስትሰጡ ኩቡን እንዳለ ገንዳ ውስጥ አትጣሉት። ለአንድ ሽሪምፕ የኩቡ ስምንተኛ እጅ እንኳ ይተርፋል። በቢላ ሸርፋችሁ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ በሲኒ አቅልጡት፣ ፈሳሹን ድፉ፣ ሥጋውን ብቻ ስጡ። ያ ፈሳሽ ናይትሬትና ፎስፌት የሚጨምር እንጂ የሚመገቡት ነገር የለውም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ ምግብ ተመልሶ ቢቀዘቅዝ ከበፊቱ ጋር አንድ አይደለም፤ በመሃሉ ተበላሽቷል። ኩቡ ቅርጹን አጥቶ፣ ከዕቃው ጥግ ተለጥፎ ካገኛችሁት ጣሉት። በዚህ ምክንያት ደሴና አካባቢዋ ለሚኖር ሰው ዋናውን ምግብ ደረቅ እንክብል አድርጎ የቀዘቀዘውን በሳምንት አንዴ መጨመር የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን።

የሐይቅና የአርዲቦ ቆሮሶስ? ይሆናል፣ ግን በልክ። የጨዋማ ባሕር ምግብ ውስጥ ያሉት የስብ ዓይነቶች ጨው በሌለው የሐይቅ ውሃ ዓሣ ላይ ያንሳሉ፤ ስለዚህ በሳምንት ከ1 ጊዜ አይለፍ። ቆዳና አጥንት የሌለው 100 ግራም ሥጋ ግዙ፣ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ጠፍጥፋችሁ ቢያንስ ለ7 ቀን አቀዝቅዙት፤ ቅዝቃዜው ተውሳኮችን ይገድላል። ከዚያ የምስር ፍሬ እያሳከላችሁ እየቆረጣችሁ ትሰጣላችሁ። የቆርቆሮ ሰርዲንና ቱና በዘይትና በጨው የተዘፈዘፈ ስለሆነ አይሆንም። እንጀራ፣ ዳቦ፣ የወጥ ትራፊ በጭራሽ።

አሰጣጡ ከዓይነቱ ያልተናነሰ ነገር ነው። ዓሦች ከሽሪምፑ ይቀድማሉ፣ ሽሪምፑ ደግሞ ኮራል ካለ ከኮራሉ አፍ ይቀማል። ከመድኃኒት ቤት ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌ ግዙ፣ ጫፉ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የአየር ፓምፕ ቱቦ ሰኩበት። በመጀመሪያ በገንዳው አንድ ጥግ ዓሦቹን መግቡ። እነሱ እዚያ ሲሻሙ ቱቦውን ወደ ሽሪምፑ አስጠግታችሁ ቁራጯን ከፊቱ ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ። ያኔ የውሃ ማዘዋወሪያውን ፓምፕ ለ10 ደቂቃ ብታጠፉት ምግቡ አይበተንም፤ መልሶ ማብራቱን ግን አትርሱ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ያልተበላውን በዚያው ሲሪንጅ ምጠጡ።

አርቴሚያ የተባለችውን ደቃቅ የጨው ውሃ እንስሳ ከደረቅ እንቁላሏ ቤት ውስጥ ማስፈልፈል ይቻላል፤ ለመብራት መጥፋት የማይበገር ትኩስ ምግብ ነው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ታቹን ቆርጣችሁ ገልብጡት፣ 1 ሊትር ውሃ፣ 25 ግራም ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና 1 ግራም እንቁላል ጨምሩበት። ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት፣ ከታች የሚፈላ አየርና ብርሃን ካለው ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። አየሩን ለ10 ደቂቃ አጥፉ፤ ባዶ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካናማዎቹ ጫጩቶች ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ። እነሱን ብቻ ስባችሁ በስስ ጨርቅ አጥልላችሁ በገንዳ ውሃ እጠቡና በዕለቱ ስጡ፤ ካደሩ የያዙትን አስኳል ስለሚጨርሱ ምግብነታቸው ይቀንሳል። ላደገ ሽሪምፕ ደቃቆች ናቸው፣ ለዓሦቹና ለትንንሽ ሽሪምፖች ግን ግሩም ናቸው። ለዚህ ሥራ የአፋር ጨው ምንም አይልም።

ለግሸን ንግሥ ወይም ለመውሊድ ቤት ዘግታችሁ ለአንድ ሳምንት ብትሄዱ ጤነኛ ሽሪምፕ ሳይመገብ ይቆያል። አደራ የተቀበለ ጎረቤት ግን በደግነቱ ብዛት ገንዳውን ይመርዘዋል። የግድ ሰው መመገብ ካለበት የእያንዳንዱን ቀን ድርሻ በወረቀት ጠቅልላችሁ ቁጥር ጻፉበት፣ የምግብ ዕቃውን ደብቁ።

ጨውና ውሃ

የአፋር ጨው ለገንዳው ውሃ አይሆንም፤ የአፍዴራውም፣ አዮዲን የተጨመረበት የገበታ ጨውም እንዲሁ። ወሎ ገበያ ላይ ጨው ርካሽ ስለሆነ ይህን የሚሞክር አይጠፋም። የባሕር ውሃ በ1 ኪሎ ውስጥ 35 ግራም ያህል የተሟሟ ጨው አለው። ከዚያ ውስጥ 30 ግራም ገደማ የተለመደው ጨው ነው፤ የቀረው ሰልፌት 2.7 ግራም፣ ማግኒዥየም 1.3 ግራም፣ ካልሲየም 0.4 ግራም፣ ፖታሲየም 0.4 ግራምና ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ሽሪምፑ አዲስ ቅርፊት የሚሠራው ከካልሲየሙ ነው፤ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነቱን ልክ) ይዞ የሚያቆየውም ካርቦኔቱ ነው። እነዚህ በሌሉበት ውሃ ውስጥ የጨው መለኪያው ትክክል ቢያሳይም ሽሪምፑ ቅርፊቱን መለወጥ ተስኖት ይሞታል። ስለዚህ ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ ድብልቅ ጨው የግድ ነው።

መጠኑ ለ20 ሊትር ጀሪካን 740 ግራም ገደማ ነው። ጨው እርጥበት ስለሚስብ ሚዛኑን ብቻ አትመኑ፤ ከሟሟ በኋላ ሪፍራክቶሜትር በተባለው የጨው መለኪያ ለኩ። የሚፈለገው በኪሎ ከ33 እስከ 35 ግራም፣ በጥግግት ከ1.025 እስከ 1.026 ነው። መለኪያውን 35 ግራም በያዘ የመለኪያ ፈሳሽ አስተካክሉት። ውሃውን በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ከፓምፕና ከማሞቂያ ጋር ለ24 ሰዓት አዋህዱት፣ ገንዳው ውስጥ ካለው ጋር ሙቀቱና ጨዉ እኩል ሲሆን ብቻ ቀይሩ። በሳምንት 10 ሊትር መቀየር ይበቃል። ጨውን በቀጥታ ገንዳ ውስጥ አትበትኑ፤ ያልሟሟው ፍሬ የነካውን ሁሉ ያቃጥላል።

ውሃው ከየት ይምጣ? ከሁሉ የሚሻለው በአርኦ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ) ያለፈ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ አሮጌ የናስ ቧንቧና የመዳብ መስመር ደግሞ መዳብ ይለቅበታል። አርኦ ካልተገኘና ከቧንቧው ሌላ አማራጭ ከሌለ ውሃውን ለ2 ደቂቃ ካፈሰሳችሁ በኋላ ቅዱ፣ የክሎሪን ማጥፊያ ጨምሩበት። ክረምት ላይ ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ንጹሕ ይመስላል፤ ቆርቆሮው ግን በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክ ደግሞ ለሽሪምፕ ገዳይ ነው። በቆርቆሮ ባልዲም ውሃ አታስቀምጡ። ከቦርከና ወንዝ ዳር ያነሳችሁትንም ድንጋይ ለጌጥ አታስገቡ፤ ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ጠቃሚውን ባክቴሪያ የሚያስተናግድ ቀዳዳ የለውም፣ የብረት ማዕድን ከያዘም ቀስ እያለ ይለቃል። ለአኳሪየም የተሠራ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ግዙ።

በበጋ የደጋው አየር ደረቅ ነው፣ ውሃው ቶሎ ይተናል። የሚተነው ውሃው እንጂ ጨዉ አይደለም። ከ100 ሊትር 5 ሊትር ብታጡ 35 ግራም የነበረው ወደ 37 ግራም ይጠጋል። ያንን በአንዴ በ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ ብትመልሱት ሽሪምፑ ድንገት ይጎዳል። ስለዚህ በገንዳው ጎን የውሃውን ልክ በፕላስተር ምልክት አድርጋችሁ በየቀኑ የጎደለውን ጨው በሌለው ውሃ ሙሉ። ጨው ያለው ውሃ የሚገባው ለመቀየር ብቻ ነው።

ሌሎቹ ልኮች እነዚህ ናቸው፦ ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም። አዲስ ገንዳ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም ይረዝማል። ሽሪምፑን ከዚያ በኋላም ቢሆን ገንዳው አንድ ወር ያለ ለውጥ ከቆየ በኋላ አስገቡ። አዮዲን ጠብታ ለቅርፊት ይረዳል እየተባለ ይሸጣል፤ በየሳምንቱ ውሃ የሚቀይር ሰው አያስፈልገውም፣ ሳይለኩ መጨመሩም ይመርዛል።

ከፍታውና ብርዱ

በባሕር ጠለል ላይ በ25 ዲግሪ የጨው ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ቢበዛ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 5.3፣ ደሴ ላይ ደግሞ 4.9 ያህል ነው። አየሩ ስለሳሳ ከአየር ከዚህ በላይ አይሟሟም። ስለዚህ ባሕር ዳር ባለ ከተማ 10 ዓሣ የሚኖርበት ገንዳ ደሴ ላይ ለ6 ወይም ለ7 ብቻ ይበቃል ብላችሁ ተነሱ። የውሃው ፊት ሁልጊዜ በፓምፕ መናወጥ አለበት፣ ተጨማሪ የአየር ፓምፕም ቅንጦት አይደለም። ውሃው ሲሞቅ ኦክስጅኑ ስለሚቀንስ ደጋ ላይ 27 ዲግሪ አታድርሱት፤ 25 መልካም ነው።

ለማሞቂያ፣ ክፍሉ በሌሊት 15 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ ለ100 ሊትር 200 ዋት ያስፈልጋል። ባለ 200 ዋት አንድ ከመግዛት ባለ 100 ዋት ሁለት ግዙ፤ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር ገንዳውን አይቀቅለውም፣ አንዱ ቢሞትም ሌላው በከፊል ይይዘዋል። ከኅዳር እስከ ጥር የደሴ ሌሊት ውጭ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ገንዳውን ከውጭ ግድግዳ አርቁት፣ ጀርባውንና ጎኑን በፎም ሸፍኑት። ኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ ስለሚል ስታብላይዘር ይኑር፤ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይንጠልጠል፣ ያኔ በገመዱ የሚወርድ የጨው ውሃ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ብርድ ሲሆን በርና መስኮት ይዘጋል፣ ከሰል ይያያዛል፣ ቡና ይፈላል። የከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ገብቶ ፒኤቹን ያወርዳል። ቡናው ሦስቱንም እስኪደርስ መስኮት ትንሽ ክፈቱ፤ ለሰዉም ይበጃል።

ማምጣትና ማላመድ

ሽሪምፑ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። በመኪና ከሆነ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፦ ደብረ ብርሃንና ጣርማ በር ላይ ብርድ፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ ሙቀት። ከረጢቱ በፎም ሳጥን ውስጥ ካልተዘጋ ይህ መለዋወጥ ብቻውን ይገድለዋል። ከረጢቱ ሲሶው ውሃ፣ ቀሪው አየር ይሁን፤ አንድ ከረጢት ለአንድ ሽሪምፕ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይለጠጣል፤ ከረጢቱ ሲታሰር ወጥሮ እንዳይሞላ ንገሯቸው። ወደ ኮምቦልቻ በሚበረው አውሮፕላን የሚመጣለት ሰው ካለ ያ ይሻላል። ስትገዙ ሽሪምፑ ሲበላ ካላሳዩአችሁ አትግዙ።

ቤት ሲደርስ ከረጢቱን ሳትከፍቱ ለ20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፉት። ከዚያ ሽሪምፑን ከነውሃው ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ገልብጡና በቋጠሮ በተጠበበ ቀጭን ቱቦ ከገንዳው ውሃ አንጠባጥቡበት። በሰከንድ 3 ጠብታ ቢሆን በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይሆናል። ውሃው እጥፍ ሲሆን ግማሹን ድፉ፣ እንደገና እጥፍ እስኪሆን ቀጥሉ። ደሴ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ይህ ሁሉ ሲሆን ትንሹ ዕቃ ውስጥ ያለው ውሃ በክፍሉ ብርድ በአንድ ሰዓት ብዙ ዲግሪ ይወርዳል። ዕቃውን ገንዳው ውስጥ አንሳፉት ወይም ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት። በመጨረሻ ሽሪምፑን ብቻ አንስታችሁ አስገቡ፣ የመጣበትን ውሃ ድፉ። በዚያ ቀን ምግብም ብርሃንም አትስጡ።

ቅርፊት ሲጥል

ያደገ ሽሪምፕ በየ3 እስከ 6 ሳምንት ገደማ አሮጌ ቅርፊቱን ጥሎ በአዲስ ይተካል። ጠዋት ስትነሱ ገንዳው ወለል ላይ ሙሉ ሽሪምፕ ወድቆ ታያላችሁ፤ እግሩም ጢሙም አለው። ብርሃን የሚያሳልፍና ራሱና ጭራው መጋጠሚያ ላይ የተከፈተ ከሆነ ባዶ ቅርፊት ነው። የሞተው ግን ጥቅጥቅ ብሎ ሮዝ ወይም ነጭ ይሆናል፣ ይሸታል፤ እሱን ወዲያው አውጡ። ቅርፊቱን ተዉት፣ ሽሪምፑም ሆነ ሌሎቹ ይቆረጣጥሙታል።

አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ለ1 ወይም ለ2 ቀን ድንጋይ ሥር ይደበቃል። አትፈልጉት፣ ድንጋይ አታነሱበት፣ አታስገድዱት። በዚያ ጊዜ ስለማይበላ ምግብ አትጨምሩ። እግር ወይም ጢም ከጎደለው በሚቀጥለው ወይም በተከታዩ ቅርፊት ይመለስለታል። ግማሽ ወጥቶ ግማሹ ተይዞ የሞተ ካገኛችሁ ግን በመጀመሪያ የጨው መጠኑን፣ ቀጥሎ ካልሲየሙን ለኩ፤ ከሁለቱ አንዱ ሰሞኑን ዘልሏል።

መርዝና ጠላት

መዳብ ለዓሣ መድኃኒት ነው፣ ለሽሪምፕ ሞት። ነጭ ነጠብጣብ የያዘውን ዓሣ በመዳብ ማከም ካስፈለገ በሌላ ዕቃ ይታከም፤ ያ ዕቃ፣ ቱቦውና መረቡ ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ገንዳ አይመለሱ።

ኮምቦልቻና ቆላው ላይ ለወባ ትንኝ የሚረጨው፣ በየቤቱም በቆርቆሮ የሚገዛው የተባይ ማጥፊያ ከዚህ የባሰ ነው። በረሮን የሚገድለው መርዝ ሽሪምፕንም ይገድላል፤ ሁለቱም ባለ ቅርፊትና ባለ መጋጠሚያ እግር ዘመዳሞች ናቸው። የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ስለሚያስገባ ሽፋን ብቻ አይበቃም። ከመረጨቱ በፊት ገንዳውን በፕላስቲክ አልብሱት፣ ፓምፑን ረጅም ቱቦ ቀጥላችሁ ወደሌላ ክፍል ወይም ወደ ውጭ አውጡት፣ ክፍሉ በደንብ ከናፈሰ በኋላ ብቻ ግለጡ። እጃችሁ ላይ ሳሙና፣ ሽቶ፣ ቅባት ወይም ቅቤ ካለ ገንዳ ውስጥ አታስገቡ።

ከዓሦች ውስጥ ክሎውንፊሽና ትንንሽ ጎቢዎች ይስማሙታል። ላየንፊሽ፣ ትሪገርፊሽ፣ ሃውክፊሽ፣ ፐፈርና ግሩፐር ይበሉታል፤ በተለይ ቅርፊት በጣለበት ቀን። ባለ ቀይና ነጭ ቀለበቱ ስቴኖፐስ ሽሪምፕም ጠበኛ ስለሆነ በ100 ሊትር አብረው አይሆኑም።

መብራት ሲጠፋ

ቅደም ተከተሉ ኦክስጅን፣ ከዚያ ሙቀት ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሁልጊዜ ዝግጁ ይሁን። ከሌለ በየ15 ደቂቃው በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ። ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ላዩን ለአየር ክፍት ተዉ። 100 ሊትር ውሃ በዝግታ ስለሚቀዘቅዝ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አያሳስቡም። ከ22 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳናቸውን አጥብቃችሁ አንሳፉ፤ ሙቀታቸው ተላልፎ እስኪያልቅ 1 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋሉ። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፣ ጠርሙሱ ይጨማደድና ይተፋል። ገንዳው እስከ አፉ የሞላ ከሆነ መጀመሪያ 4 ሊትር ቀድታችሁ በንጹሕ ጀሪካን አቆዩ።

መብራት በሌለበት አትመግቡ። ዝግ ማጣሪያ ካላችሁና ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት በላይ ከቆመ፣ መብራት ሲመጣ ዝም ብላችሁ አታስነሱት። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ሞተዋል፣ ውሃውም ተመርዟል። ያንን ውሃ ድፉ፣ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ አስነሱ፤ ለሚቀጥሉት 3 ቀናት አሞኒያ ለኩ።

ሁለት ሲሆኑ

እነዚህ ሽሪምፖች በመጀመሪያ ወንድ ሆነው ያድጋሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ የወንድም የሴትም አካል ይይዛል። ስለዚህ ያደጉ ማንኛቸውም ሁለቱ ይዳቀላሉ፣ ወንድና ሴት መምረጥ አያስፈልግም። አንደኛው ቅርፊቱን በጣለ ሌሊት ይዳቀላሉ፤ ከዚያ በሆዱ ሥር ባሉት መቅዘፊያ እግሮች መካከል አረንጓዴ እንቁላል ታያላችሁ። እንቁላሉ ከ10 እስከ 15 ቀን ገደማ ቆይቶ እየነጣ ይሄድና ማታ የገንዳው መብራት ከጠፋ በኋላ በጨለማ ይፈለፈላል። ያን ሰሞን የምግቡን ብዛት ሳይሆን ድግግሞሹን ጨምሩ፦ የምስር ፍሬዋ በየቀኑ ትሁን።

እጮቹ ለብዙ ሳምንታት እየተንሳፈፉ ስለሚያድጉ በተራ ገንዳ ውስጥ አይተርፉም፤ ዓሦቹ ይበሏቸዋል፣ ማጣሪያው ይስባቸዋል። ለማሳደግ የተለየ ክብ ዕቃ፣ በየቀኑ አዲስ አርቴሚያና ብዙ የውሃ ቅየራ ይጠይቃል። ያንን ካልፈለጋችሁ ግን እጮቹ ለዓሦቹ ምርጥ ቀለብ ስለሆኑ በፈለፈሉ ማግስት ለዓሦቹ ሌላ ምግብ አትስጡ።